የድግስ ገበታና የቡፌ ጭልፋ

የጎንደር ከተማና የደጋው ሕዝብ እንግዳ መቀበልና ድግስ ማሳመር የታወቀ ሙያው ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት፤ እንደዚሁም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ወራት፤ በአዘዞም ሆነ በዳባት፤ በደባርቅም ሆነ በጃናሞራ ዳስ ያልተጣለበት ቀበሌ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ጥር 11 ቀንም በፋሲለደስ መዋኛ ታቦታቱን አጅቦ የሚውለው ሕዝብና ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ በየሆቴሉና በየዘመዱ ቤት ይመገባል። በእነዚህ ቀኖች ከአንድ ድስት የሚበላው ሰው በመቶ የሚቈጠር ስለ ሆነ፤ በአንድ ወጥ ቤት የሚፈጸም ትንሽ ስሕተት ብዙ ሰው ያሳምማል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ ድግስ ገበታ፤ ይልቁንም ቡፌ ስለሚባለው የአመጋገብ ሥርዐት እንነጋገራለን።

ባለፈው የሠርግ ወራት ከዘመዶቻችን በአንዱ ድግስ ላይ ተጠርተን ነበር። በአዳራሹ ዳር ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ፤ ዶሮው፤ ጥብሱ፤ ቀይ ወጡ፤ አልጫው፤ ሩዙና ሰላጣው በየሳሕኑ ተደርድሮ፤ እንግዳው በሰልፍ እያለፈ በገዛ እጁ ያነሣ ነበር። ሰልፍ ከመግባታችን በፊት ከብዙ ሰው ጋር ተጨባብጠናል፤ ከኪሳችንም የብር ኖት አውጥተን ለዘፋኙ ሸልመናል። በጓሮ በኩል የእጅ መታጠቢያ ቢኖርም ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። ውሃ አምጡልን ብለን ለመጠየቅ አፈርንና እንደ ሌላው ሰው ጭልፋውን ያዝን። ሰውን ስለ ንጽሕና እናስተምር ዘንድ ደመወዝ የሚከፈለን እኛ ይህን ማድረጋችንን ሳንደብቅ የምንጽፈው፤ ነገሩ ከዕውቀት ማነስ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

በማግስቱ ማታ ከታዳሚዎቹ ብዙዎቹ በትውከትና በተቅማጥ ተያዙ፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ተያዝን። ትልልቆቹ በሁለት ቀን ውስጥ ተነሣን። የሙሽራው የእኅት ልጅ የሆነች የአራት ዓመት ሕፃን ግን ዐይኗ ጐድጕዶ፤ ከንፈሯ ደርቆ፤ ስታለቅስ እንባ እንኳ የማይወጣት ሆና ሐኪም ቤት ተወሰደች። ግሉኮስ ተሰክቶላት ሕይወቷ ተረፈ። የደስታው ቤት ግን ሦስት ቀን ሙሉ የጭንቀት ቤት ሆኖ ሰነበተ።

የቀድሞው ገበታ ጠባቂዎች

ቡፌ የፈረንሣይኛ ቃል ሲሆን የዕቃ መደርደሪያ ስም ነበረ። በእኛም አገር በብዙ ቤት ብርጭቆና ሳሕን የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን እስከ ዛሬ ቡፌ ይባላል። በኋላም ምግብ ተደርድሮ ሰው በራሱ እጅ እያነሣ የሚበላበት ገበታ በዚሁ ስም ተጠራ። ይህ አመጋገብ ለደጋሹ ድካም ይቀንሳል፤ እንግዳውም የወደደውን እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ስለዚህ አንነቅፈውም። ነገር ግን ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሁለት ነባር ጠባቂዎችን ከገበታችን አሰናብቶብናል።

አንደኛው ጠባቂ አስታጣቢው ነው። በአባቶቻችን ሥርዐት ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንድ ወጣት ማስታጠቢያና ሳፋ ይዞ ከታላቅ ጀምሮ እስከ ታናሽ ድረስ እጅ ያስታጥብ ነበር። ውሃው ከላይ ፈስሶ ወደ ሳፋው የሚወርድ ስለ ሆነ የአንዱ እጅ እድፍ ለሌላው አይተርፍም። ይህ ልማድ በዛሬው የጤና ትምህርት ሲመረመር እጅግ መልካም ነው፤ ሳሙና ቢጨመርበትና የወል ፎጣ ቢቀርለት ምንም ነቀፌታ አይገኝበትም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ውሃው ራሱ ወደ እንግዳው መምጣቱ ነው። እንግዳ ውሃ አምጡ ብሎ ይጠይቅ ዘንድ አይገደድም፤ አይሳቀቅምም።

ሁለተኛው ጠባቂ አሳላፊው ነው። በጎንደር ነገሥታት ግብር ላይ እንግዳው ወደ ድስቱ አይሄድም፤ አሳላፊው ወደ እንግዳው ይመጣል እንጂ። ጠጅ የሚቀዳውም ሰው ከጠጁ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ያቀርብ ነበር። ይህ የተደረገው ስለ ጀርም ታስቦ ሳይሆን መርዝን በመፍራት ነው፤ ሆኖም አንድ ቁም ነገር ነበረበት። ይኸውም በገበታው ላይ ስለሚደርሰው ነገር ሁሉ በስሙ ተጠርቶ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ነው። በመንደር ድግስም ወጥ የምታወጣው ሴት አንድ እንደ ሆነች ጭልፋውም የእርሷ ብቻ ነበረ። በቡፌ ሥርዐት ግን አስታጣቢው ቀረ፤ አሳላፊውም ቀረ፤ ጭልፋውም ባለቤት አጣ።

ጭልፋው የሚያልፍባቸው እጆች

በአንድ ሠርግ ላይ 400 እንግዶች ቢጠሩና ሁሉም ከዶሮው ወጥ ቢያነሡ፤ ያች አንዲት ጭልፋ በ400 እጆች ትጨበጣለች። በሰልፉ መጨረሻ የቆመው ሰው ከፊቱ ካለፉት 399 ሰዎች ጋር ሁሉ እንደ ተጨባበጠ ይቈጠራል። ቀድሞ እጁን የታጠበ ሰው እንኳ ቢሆን ጭልፋውን በጨበጠ ጊዜ የታጠበው ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል።

በሹካና በማንኪያ በሚበላበት አገር ጭልፋውን የያዘው እጅ ወደ አፍ አይደርስም። እኛ ግን ጭልፋውን በያዝንበት በዚያው ቀኝ እጅ እንጀራ ቈርሰን እንጐርሳለን፤ ለወዳጃችንም እናጐርሳለን። ስለዚህ ያለ አሳላፊ የሚዘረጋ ቡፌ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ለእኛ ያሰጋል ማለት ነው። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በግብዣ ላይ ሴቶች በአጠገባቸው ለተቀመጡት ወንዶች ሲያጐርሱ ማየቱን ጽፏል። ጉርሻ ይቅር አንልም፤ የሚያጐርሰው እጅ ግን የታጠበ ይሁን እንላለን።

በዚህ መንገድ ከሚተላለፉት ረቂቅ ተሐዋስያን አንዱ ኖሮቫይረስ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በኖርዎክ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን በትውከት በሽታ በተያዙ ጊዜ ነው፤ ተሐዋሲውም በ1972 እ.ኤ.አ. በማጉያ መሣሪያ ታየ። ወደ ሰውነት ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድንገተኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ሰውን ለማሳመም ከሃያ ያነሱ ቅንጣቶች እንኳ ይበቁታል ተብሎ ይገመታል። የታመመውም ሰው ከዳነ በኋላ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በዐይነ ምድሩ ሊያወጣው ይችላል።

ጤነኛ መስሎ በሽታ የሚያስተላልፍ ሰውም አለ። በኒው ዮርክ ትኖር የነበረችው ሜሪ ማለን የተባለች ወጥ ሠሪ ራሷ ሳትታመም የታይፎይድ ጀርም ተሸካሚ ሆና መገኘቷ በ1907 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ወጥ እንዳትሠራ ተነግሯት ተለቀቀች፤ እርሷ ግን ስሟን ለውጣ በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ስትሠራ በ1915 እ.ኤ.አ. 25 ሰዎች ታይፎይድ ያዛቸው። ስለዚህ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ማለት ሳሙናን አይተካም።

ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ

የእጅ ነገር ይህን ያህል ከሆነ፤ የድስቱን ነገር ደግሞ እንመልከት። ባክቴሪያ የተባሉት ተሐዋስያን ለብ ባለ ምግብ ውስጥ ሲመቻቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ወጡ በጠዋቱ 12 ሰዓት ከእሳት ወርዶ ቡፌው በ7 ሰዓት ቢከፈት፤ በእነዚህ ሰባት ሰዓቶች 21 ጊዜ ይታጠፋሉ። በሂሳብ ሲሰላ አንዲት ባክቴሪያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ትሆናለች ማለት ነው። ምግቡ ግን አይሸትም፤ ጣዕሙም አይለወጥም፤ ቀምሶም ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ለድግስ የሚሠራ ወጥ በትልቅ ጎላ ስለሚሠራ ሌላ ችግር አለበት። ትልቅ ጎላ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ላዩ ቢበርድም መካከሉ ብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቈያል። ክሎስትሪዲየም የተባለው የባክቴሪያ ወገን ዘሩን እንደ ቅርፊት ባለ ነገር ስለሚሸፍን ሲፈላ አይሞትም፤ ጎላው ለብ ሲል ነቅቶ ይራባል። ሥጋና ዶሮ ተበልቶ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚመጣው የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የዚህ ሥራ ነው። በሠርጉ ቀን የተረፈው ወጥ ለመልሱ በሚቀርብበት ጊዜም አደጋው ይበዛል። ከወጥ ሠሪ የቈሰለ ጣት የሚገባው ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ በምግቡ ውስጥ መርዝ ይተዋል፤ ይህም መርዝ ወጡን መልሶ በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ማሞቅ ብቻውን ሁሉን አያድንም።

በደጋ አገር ለምንኖር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በጎንደር ከተማ በ93 ዲግሪ ገደማ፤ በደባርቅ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሙቀት በውሃ የሚተላለፉትን የሆድ በሽታ ጀርሞች ለመግደል ይበቃል፤ ነገር ግን የሚጠጣ ውሃ በእኛ አገር ከፍታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል መፍላት አለበት። ወጥም ሲሞቅ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መካከሉ ጭምር እስኪንተከተክ ድረስ እየተማሰለ ይሙቅ።

ከባሕር የተገኘ ትምህርት

በውጭ አገር ትምህርታችንን በምንከታተልበት ጊዜ ስለ ትልልቅ የመንገደኞች መርከቦች ጤና አጠባበቅ ተምረን ነበር። እነዚህ መርከቦች በሺሕ የሚቈጠሩ ሽርሽረኞችን ጭነው ብዙ ቀን የሚጓዙ፤ ቡፌያቸውም ከጠዋት እስከ ማታ የማይነሣ ናቸው። በዚህ ምክንያት ኖሮቫይረስ በመርከብ ላይ በተነሣ ቁጥር ወሬው በዓለም ይሰማል። አሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመርከቦችን ንጽሕና የሚቈጣጠር ልዩ ክፍል አቋቁማለች። ተቈጣጣሪዎቹ ሳይታሰብ ገብተው ወጥ ቤቱን፤ ውሃውንና ቡፌውን መርምረው ከ100 ማርክ ይሰጣሉ፤ 85ና ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወድቋል ይባላል።

ከዚያ የተገኘው ትምህርት ምንድን ነው? በመርከቡ ላይ ሕመም ሲታይ ሠራተኞቹ በምግብ አዳራሹ በር ላይ እየቆሙ መንገደኛው በሳሙናና በውሃ እንዲታጠብ ያደርጋሉ። ቡፌውን አይዘጉትም፤ ነገር ግን ጭልፋውን ከመንገደኛው እጅ ወስደው ለሠራተኛ ይሰጣሉ። መንገደኛው በጣቱ ያመለክታል፤ ሠራተኛው ያወጣለታል። እንግዲህ በብዙ ገንዘብና ምርምር የተደረሰበት መፍትሔ የእኛው አስታጣቢና የእኛው አሳላፊ ሆነው ተገኙ።

ይህ በሽታ የመርከብ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በአሜሪካ ከሚመዘገቡት የኖሮቫይረስ ወረርሽኞች በመርከብ ላይ የሚደርሱት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በየብስ ላይ የሚደርሱ ናቸው። በእኛም አካባቢ ብዙ ሕዝብ ሲሰበሰብ የሚያሰጋው ይህ ተሐዋሲ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡት ምእመናን መካከል የኮሌራ በሽታ ገብቶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ፤ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ካነሰ፤ ቦታው ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን በሽታ አይመለስም።

የማይጠቅሙ መድኃኒቶች

በድግስ ቤት «አረቄ ጀርሙን ይገድለዋል» ሲባል እንሰማለን። አረቄ ሆድ ገብቶ ከምግብና ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ኀይሉ ስለሚደክም ጀርምም ሆነ በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል እጭ አይገድልም። ለኮሶ ትል የሚበጀው ሥጋው በቄራ ተመርምሮ እስከ ውስጡ ድረስ መብሰሉ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣም ምላስ ያቃጥላሉ እንጂ ጀርም አያቃጥሉም። እንጀራ በእርሾው ኰምጣጣነት ብዙ ጀርሞችን ይከላከላል፤ በላዩ የሚወጣው ወጥ ግን ይህ ጥበቃ የለውም። በእጅ የሚቀባው አልኮልም ለብዙ ጀርም የሚጠቅም ሲሆን በኖሮቫይረስ ላይ ግን ደካማ ነው፤ በሳሙናና በፈሳሽ ውሃ ማሸት ይበልጣል።

ምን እናድርግ?

ጎንደር ለጤና አጠባበቅ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምብያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፍቶ፤ የጤና መኰንን፤ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ጓድ ሆነው ወደ ገጠር እንዲወጡ አሠልጥኗል። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜም በየደጁ ውሃና ሳሙና ተቀምጦ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ጀሪካን ደርቋል። ስለዚህ የሚያስፈልገን የምናውቀውን መልሶ መጀመር ነው። ለደጋሾች፤ ለሆቴል ባለቤቶችና ለወጥ ሠሪዎች የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ፤ በቡፌው ሰልፍ ራስ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ወይም ጀሪካንና ሳሙና ይቀመጥ፤ አንድ ወጣትም እንግዳውን «ይታጠቡ» እያለ ያስተናግድ። እጅ 20 ሰከንድ ያህል ይታሽ። የወል ፎጣ አይኑር።

2ኛ፤ ለየወጡ አንድ አሳላፊ ይቁም፤ ጭልፋውንም እርሱ ብቻ ይያዝ። ይህ ንፍገት ይመስላል የሚሉ ደጋሾች አሉ። እንግዳው ያመለከተው ሁሉ ያለ ስስት ከወጣለትና «ይጨመርልዎ» ከተባለ ክብሩ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

3ኛ፤ አሳላፊ ካልተገኘ እንግዳው ካነሣ በኋላ ሳይቀመጥ እጁን ዳግመኛ ይታጠብ፤ ጭልፋውም በየግማሽ ሰዓቱ በታጠበ ይለወጥ።

4ኛ፤ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀቱን ጠብቆ ይቈይ፤ ይኸውም እንፋሎቱ የሚታይ መሆን አለበት። ከሥሩ እሳት ያለበት የቡፌ ማሞቂያ ትኩሱን ትኩስ አድርጎ ያቈያል እንጂ የቀዘቀዘውን አያፈላም፤ ስለዚህ ወጡ ፈልቶ ይገልበጥበት። ሙቀቱን ሳይጠብቅ ከሁለት ሰዓት በላይ የቈየ ምግብ አይቅረብ።

5ኛ፤ ሳሕኑ ሲጐድል በአሮጌው ላይ አዲስ ወጥ አይጨመር፤ በሌላ ንጹሕ ሳሕን ይተካ።

6ኛ፤ ለማግስት የሚቀመጥ ወጥ በጎላው አይደር። ጠፍጠፍ ወዳሉ ትንንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ በቶሎ ይቀዝቅዝ፤ ከተቻለም ማቀዝቀዣ ይግባ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የዕለቱ ለዕለቱ ይሠራ። ለሰላጣ የሚሆነው አትክልት በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በመጨረሻ ይከተፍ፤ ጥሬ ሥጋ በተቈረጠበት ቢላዋና መክተፊያም አይከተፍ።

7ኛ፤ ትውከት ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው ሕመሙ ከተወው በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላው ወጥ ቤት አይግባ፤ አያሳልፍም። ደጋሹም የታመመውን ወጥ ሠሪ ሳይቈጣ ዕረፍት ይስጠው፤ ቍጣን የሚፈራ ሕመሙን ይደብቃልና።

የታመመ ሰው ሲኖር

ተቅማጥና ትውከት ሰውን የሚገድሉት ውሃና ጨው ከሰውነቱ አሟጠው ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ይሰጥ። እርሱ እስኪገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል፤ ጨው ከዚህ አይብዛ። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ዐይኑ የጐደጐደ፤ መጠጣት ያቃተው፤ የደነዘዘ፤ ደም የቀላቀለ ወይም የሩዝ እጣቢ የመሰለ ተቅማጥ የሚወጣው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ለአንባቢዎቻችን እንናገራለን። ያች የአራት ዓመት ሕፃን ዛሬ ድና ትጫወታለች። በቅርቡም የአጎቷ ወዳጅ ድግስ ነበረና እናቷ የደጋሹን ቤት ሰዎች አስቀድማ አነጋግራ ነበር። በበሩ ላይ ሁለት ልጆች ማስታጠቢያና ሳሙና ይዘው ቆመው አገኘናቸው፤ ከጠረጴዛውም ኋላ ጭልፋ የያዙ አራት አሳላፊዎች ነበሩ። የተጨመረው ወጪ የሁለት ሳሙና ዋጋ ብቻ ነው። ሰልፉ ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ አለቀ፤ ወጡም አልተደፋም። እኛም በዚያ ቀን ውሃ ለመጠየቅ አላፈርንም፤ ውሃው ቀድሞ ወደ እኛ መጥቶ ነበርና። «ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፤ መጪው የሠርግ ወራት ሳይደርስ እያንዳንዱ ደጋሽ ከሙሽራው ልብስና ከዘፋኙ አስቀድሞ አስታጣቢና አሳላፊ እንዲያዘጋጅ አደራ እንላለን።